ሁለተኛው ሜኑ እስኪታተም ጠብቁ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፣ ባሕር ዳር ላይ ስለሚከፈቱት አዳዲስ ምግብ ቤቶች። ሐይቅ ዳር ይከፈታል፣ አዲሱ የአባይ ድልድይ ማዶ ይከፈታል፣ ፎቅ ላይ ይከፈታል፣ ያው ሰውም ተከፈተ ሲባል ይሄዳል፣ ከዛ ተናዶ ይጽፍልናል። የተወሰኑትን መርጠን እንመልስ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። እዚህ ከተማ አዲስ ሬስቶራንት ተከፈተ ከተባለ ጓደኞቼ በሳምንቱ ካልሄድን ብለው ነው ሚሞቱት። ባለፈው እኔና ባለቤቴ ሐይቅ ዳር አዲስ የተከፈተ ቤት ሄድን፣ ቅዳሜ ማታ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀን የመጣው አሳ ቀዝቅዟል፣ ያዘዝነው ሰላጣ ጭራሽ አልመጣም ግን ሂሳቡ ላይ አለ፣ ዲጄው ደግሞ አላስወራ አለን። ባለቤቴ ሁለተኛ እዛ ቤት እግሬን አላነሳም ብላለች፣ እኔ ደግሞ ገና አዲስ ናቸው ጊዜ እንስጣቸው እላለሁ። ለመሆኑ ለአዲስ ቤት ስንት ጊዜ ነው ሚሰጠው? አንድ ወር? ሶስት ወር?
ተከራካሪው ባል፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በወር መቁጠሩን ተወው። ሁለተኛው ሜኑ ታትሟል ወይ ብለህ ጠይቅ።

ምን ማለት መሰለህ፣ አዲስ ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው ሜኑ ሚጻፈው ኩሽናው ገና አንድ ቀን ሳይሰራ ነው። ባለቤቱ ቦሌ ያየውን፣ የአክስቱ ልጅ ዱባይ የበላውን፣ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የተረሳውን የሌላ ቤት ሜኑ ደባልቆ ከክለብ ሳንድዊች እስከ ላዛኛ፣ ከላዛኛ እስከ ዶሮ ወጥ ደርድሮ ጠንከር ባለ ላሚኔሽን ያስጠርዘዋል። ስታዝ ግን "እሱ እንኳን ዛሬ የለም"፣ "እሱ አልቋል"፣ "እሱ ይቆያል"። ዌተሩ እየዋሸህ አይደለም፣ ምግቡ መጀመሪያውኑም አልነበረም፣ ምኞት ነው የታተመው። ዋጋውም እንደዛው ነው፣ ባለቤቱ ጎረቤት ያለው ቤት ስንት እንደሚሸጥ አይቶ ትንሽ ቀነስ ያደርግና ይከፍታል፣ ከዛ ዘይቱ፣ ቺዙ፣ ጋዙ፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ሲደመር ያልጠበቀው ነገር ይሆናል። በተለይ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ሜኑ ቶሎ ነው ሚያረጀው። ስለዚህ መጀመሪያ ዋጋው ላይ ትንንሽ ወረቀት መለጠፍ ይጀመራል፣ ቀጥሎ አንዳንዱ ምግብ በእስክሪብቶ ይሰረዛል፣ በመጨረሻ ባለቤቱ ይሰለቸውና አዲስ ያሳትማል። ያ አዲሱ ሜኑ ካየኸው ያጠረ ነው፣ ምናልባት ግማሹ ነው፣ ግን እዛ ላይ የተጻፈውን ኩሽናው በእጁ ያውቀዋል፣ ገበያውም ይችለዋል። ሚኬደው ያኔ ነው። አንዳንዱ ቤት በሁለት ወር ይደርሳል፣ አንዳንዱ ዓመት ይፈጅበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ የመጀመሪያውን እንደያዘ ይዘጋል።

የመክፈቻ ሳምንትማ ምግብ ቤት አይደለም፣ ድግስ ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ሰንጋ ይታረዳል፣ ባለስልጣን ይጋበዛል፣ ዘመድ ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ስለማይከፍል ተነስ አይባልም። ቲክቶክ ላይ ያየኸው ቪዲዮም የተቀረጸው ያን ቀን ነው፣ ቀራጩም በነጻ ነው የበላው፣ ታዲያ ምን እንዲልህ ጠበቅክ? አስተናጋጆቹ ከተቀጠሩ ገና ሳምንታቸው ነው፣ የጠረጴዛ ቁጥር ገና አልያዙም፣ ኩሽናና ካሸር ገና አልተግባቡም። ያንተ ሰላጣ ሳይመጣ ሂሳብ ላይ የወጣው እንደዚህ ነው፣ ትዕዛዙ ካሸር ጋ ደርሷል፣ ኩሽና ጋ አልደረሰም።

አንድ ሌላ ነገር አለ ሰው ልብ የማይለው። ገንዘብ ያለው ቤት ለመክፈቻ ከአዲስ አበባ ወይ ከሃዋሳ ሼፍ ያስመጣል። ሼፉ ሜኑ ያወጣል፣ ልጆቹን ያሰለጥናል፣ ጥቂት ሰንብቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ይመለሳል። አንተ በመጀመሪያው ወር የበላኸው የሱን እጅ ነው፣ ከዛ በኋላ ምትበላው ከሱ የተማረችውን ልጅ እጅ ነው፣ እሷ ደግሞ ጎበዝ ልትሆንም ላትሆንም ትችላለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ጣፍጦኝ ነበር ያለህ ሰው አልዋሸህም፣ ግን ምስክርነቱ ለሄደው ሰው ነው። ጠይቅ በቃ፣ "የከፈተው ሼፍ አለ?" በልና ጠይቅ፣ አያፍሩም ይነግሩሃል።

የኛ ከተማ ደግሞ የቱሪስት ከተማ በመሆኗ ሌላ ጣጣ አለባት። የሰፈር ምግብ ቤት ካስቀየመህ አትመለስም፣ ካልተመለስክ ይዘጋል። ሐይቅ ዳር ያለ ቤት ግን ተመልሶ በማይመጣ ሰው ብቻ ለዓመታት ሊኖር ይችላል፣ ዛሬ ያስቀየመው እንግዳ ነገ ላሊበላ ነው፣ በማግስቱ ሌላ ይመጣል። ስለዚህ ሰው መሙላቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጥቅምት ላይ ፏፏቴው ሲሞላ፣ ጥር ላይ ለጥምቀት፣ የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ሰሞን ወላጅ ከየክፍለ ሀገሩ ሲመጣ፣ የትኛውም ቤት ይሞላል፣ ወንበር ያለው ሁሉ ይሞላል። እኔ ምመክርህ ማክሰኞ ወይ ሐሙስ ምሳ ሰዓት በበሩ እለፍ። የባንክ ልጆች፣ የቢሮ ሰራተኞች፣ አስተማሪዎች፣ መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ተቀምጠው ካየሃቸው ያ ቤት ቆሞ ይሄዳል ማለት ነው፣ እነሱ ከኪሳቸው ከፍለው በሳምንት ሁለቴ ሶስቴ ነው ሚበሉት፣ መጥፎ ነገር አይታገሱም። በ2015 ክረምት ክልሉ ውስጥ ግጭቱ በርትቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የውጭ እንግዳ ሲጠፋ አየነው አይደል፣ ሐይቁን ብቻ ይሸጥ የነበረው ቤት ነው ቀድሞ የተጨነቀው፣ የከተማውን ሰው ምሳ የያዘው ግን እያነከሰም ቢሆን ዘለቀ።

አሁን ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ላውጣ፣ አሳ ቤት። ከቆርቆሮ ጥላ ስር ትልቅ ብረት ድስት ጥዶ ሙሉ አሳ የሚጠብስ ቤት አዲስ ተከፈተ ከተባልክ ምንም አትጠብቅ፣ በነጋታው ሂድ። ሜኑ የለውም፣ ሼፍ አላስመጣም፣ አሳና ዘይት ነው፣ ዳጣና ሎሚ ነው፣ እንጀራ ወይ ዳቦ ነው። ደንበኛ ለመያዝ ሲል በመጀመሪያው ሰሞን ትልቅ ትልቁን ነው ሚገዛው፣ ዘይቱም አዲስ ነው። እንደውም እንደዚህ አይነት ቤት ሲቆይ ነው ዘይቱ ሚጠቁረው። ግን ለምሳ ሂድ። የጣና አሳ አጥማጅ አብዛኛው መረቡን አመሻሽ ላይ ጥሎ ያድራል፣ ጠዋት ያወጣል፣ ረፋዱ ላይ ገበያ ይደርሳል። ስለዚህ ለምሳ የተጠበሰው የዛሬ ነው፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሚቀርብልህ ደግሞ ወይ ፍሪጅ ውስጥ የዋለ ነው ወይ የትናንት ነው፣ በዛ ላይ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ቆይቶ ከሆነ እግዜር ይሁንህ። አንተና ባለቤትህ ቅዳሜ ማታ ነው የሄዳችሁት፣ አየህ፣ ሰዓቱም ቀኑም አልረዳችሁም።

ምን ልዘዝ ካልክ፣ ለሙሉ ጥብስ ቆሮሶ ነው፣ ጎኑን ተበጥቶ እስኪደርቅ ሲጠበስ እሱን ሚያክል የለም። አምባዛ ስጋው ወፍራምና ቅባታም ስለሆነ ለጉላሽና ለወጥ ይሻላል። ነጭ አሳ ሚባለው ጣፋጭ ነው ግን እሾህ ይበዛበታል፣ ከልጅ ጋር ከሆንክ ይቅርብህ። ስለ ነጭ አሳ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልበል፣ ክረምት ላይ ይሄ አሳ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ወደ ሌሎቹ የጣና ገባር ወንዞች ይወጣል፣ ወንዝ አፍ ላይ ደግሞ መረብ ይጠብቀዋል፣ በዚህ ምክንያት ቁጥሩ እንደተመናመነ አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል፣ አብዛኞቹ ዝርያዎቹ ደግሞ ከጣና በቀር የትም ዓለም ላይ የሉም። እኔ ነሐሴና መስከረም ላይ አላዝም፣ ሰውም ባያዝ ደስ ይለኛል፣ ቆሮሶ ሞልቶ የለ እንዴ። ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ሳይጠበስ አሳዩኝ በል፣ አይኑ ያልደፈረሰ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት መልሶ የሚነሳ፣ በቃ ይሄ ነው። አናሳይም ካሉህ ሻይ ጠጥተህ ውጣ።

ወደ ክርክራችሁ ስመለስ፣ አዲስነት ይቅር ሚያስብለው ጥፋት አለ፣ ይቅር የማያስብለውም አለ። መዘግየት፣ ትዕዛዝ መቀያየር፣ "የለም" መብዛት፣ ምግቡ ቀዝቅዞ መምጣት፣ እነዚህን እለፋቸው፣ በጊዜ ይስተካከላሉ። የሚሸት አሳ፣ ውሃ የሌለው ሽንት ቤት፣ ያልበላኸውን ማስከፈልና ሲነገራቸው መቆጣት፣ እነዚህ ግን ከቆይታ ጋር አይገናኙም፣ ዛሬ እንዲህ የሆነ ቤት ከዓመት በኋላም እንዲሁ ነው። ለሰላጣው ስትነግሯቸው ምን አሉ? እሱን አልጻፍክልኝም፣ መልሱ ያለው ግን እዛ ላይ ነው። ይቅርታ ብለው ከሂሳቡ ካወጡ ሁለተኛው ሜኑ ሲመጣ ባለቤትህን ይዘህ ለምሳ ተመለስ፣ አንድ ምግብ ብቻ እዘዙ። ከተጨቃጨቁ እሷ ናት ትክክል፣ ተዋት።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ከእህቴ ጋር ጎንደር ልንሄድ ነው፣ ከዛ በፊት ባሕር ዳር ሁለት ሌሊት እናድራለን። ቲክቶክ ላይ ሴቭ ያደረግኳቸው አዳዲስ ቤቶች አሉ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉንም መሞከር እንችላለን? ወይስ የታወቁት ይሻላሉ? ሁለተኛውን ሜኑ ምናምን ለመጠበቅ ጊዜ የለንም ብዬ ነው።
እንግዳዋ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ በቅድሚያ። እውነት ነው፣ የሁለት ቀን እንግዳ መጠበቅ አይችልም፣ ግን ምግብ መምረጥ ባትችይም ሰዓት መምረጥ ትችያለሽ።

አዲሱን ቤት ለቁርስ ሂጂበት። ይሄን ሰው ለምን እንደማያስበው አይገባኝም። ቁርስ ላይ ኩሽናው አልተጨናነቀም፣ ሰራተኛው አልደከመም፣ ዲጄ የለም፣ ፍርፍር፣ ጨጨብሳ፣ ፉል፣ እንቁላል፣ እነዚህን ለማበላሸት ራሱ ጥረት ይጠይቃል። ያየሽው ቪዲዮ ላይ ያለው እይታም ጠዋት ነው ደስ ሚለው፣ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ታንኳ ሲያልፍ ታያለሽ፣ ማታማ ሐይቅ ዳር ትንኝ ነው፣ ፎቶውም ጨለማ ነው። እንዲህ ብታደርጊ ሁለት አዲስ ቤት በሁለት ጠዋት አይተሻል፣ ሂሳቡም አያምም።

ምሳ ላይ ያለውን ወጥመድ ልንገርሽ። ወደ ገዳማቱ የሚሄደው ጀልባ አብዛኛው ጠዋት ነው ሚወጣው፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነስቶ ሐይቁ ስለሚናወጥ። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ኡራ ኪዳነምሕረትን አይቶ፣ በጫካው ተመልሶ፣ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ውስጥ ሁሉም ተርቦ በአንድ ጊዜ ወደብ ላይ ይወርዳል፣ ከዛ ሐይቅ ዳር ያሉት ቤቶች ላይ ሚሆነውን አስቢው። እናንተ ወይ ቀድማችሁ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ብሉ ወይ ከጀልባ ስትወርዱ ወደ መሃል ከተማ በባጃጅ ግቡ፣ ሁለት መንገድ ብቻ ከሐይቁ ስትርቂ ሰልፉም ዋጋውም ይቀንሳል። ዘጌ ላይ ደግሞ ቡና ሳትጠጡ እንዳትመለሱ፣ ቡናው እዛው ጫካው ውስጥ የሚበቅል ነው፣ ለሱ ሜኑ አያስፈልግም።

እራት ላይ ግን የቆየ ቤት ሂዱ። ጥር 10 ከተራ ነው፣ ከዛ በፊት ባሉት ቀናት ከተማው ይሞላል፣ አንድ አዲስ ቤት በጥምቀት ዋዜማ ማታ ላይ ጥሩ እራት ሊያቀርብልሽ ሚችልበት መንገድ አይታየኝም፣ ቢፈልግም አይችልም። ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሆድሽ ታውኮ ያን መንገድ መሄድ አትፈልጊም። መንገዱንና የማታ እንቅስቃሴውን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ያደራችሁበትን ሆቴል ጠይቁ፣ ሰዓት እላፊ ካለ እራታችሁ ቀደም ማለት አለበት።

ጥያቄ፦ ሁዳዴ ላይ የተከፈተ ቤት አለ ሰፈራችን፣ በያይነቱው ግሩም ነው። ሲፈታም እንዲህ ይሆናል ብዬ ልመን?
ጾመኛው፣ ከግሽ አባይ

መልስ፦ ግማሽ ልብህን ስጠው። በያይነቱ ጥሩ የሚሰራ ቤት እጅ አለው፣ እሱ አያጠራጥርም፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ክክ፣ ይሄ ቅቤ የለው ምን የለው፣ ሽንኩርቱ በደንብ ካልበሰለ ወዲያው ያስታውቃል፣ እንጀራው ካልሆነ ያስታውቃል፣ መደበቂያ የለውም። እኔ እንደውም አዲስ ቤት ስሄድ ረቡዕ ወይ አርብ በያይነቱ ነው ማዘው፣ ከሁሉም ረክሶ ከሁሉም ብዙ የሚናገር ምግብ ነው።

ግን 55 ቀን ስጋ ያልገባበት ኩሽና ስጋ ላይ እንዴት እንደሆነ ምንም አታውቅም። ከተማችን ላይ በሁዳዴ አብዛኛው ስጋ ቤት ይዘጋል፣ ሲፈታ ደግሞ የፋሲካ ሳምንት ሁሉም ቤቱ ነው ሚበላው፣ ስለዚህ ያ ቤት እውነተኛ የስጋ ደንበኛ ሚያየው ከዳግማይ ትንሳኤ በኋላ ነው፣ ያኔ ሄደህ ጥብስ እዘዝ። ጥሬ ከሆነ ግን፣ አዲስ ቤት ላይ፣ የቄራ ማህተም ሳታይ አትቁረጥ። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ደግሞ ጠይቀኸኛል፣ ከጥያቄህ ላይ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ፣ አባቶች አይበላም ይላሉ፣ ሆቴሎቻችን ደግሞ አሳ በጣም ሚሸጡት በጾም ነው፣ እኔ በመሃል አልገባም።

ጥያቄ፦ ልጄን ሽማግሌ የላኩባት ቤተሰቦች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ ልንበላ ነው። ልጆቹ አዲስ የተከፈተ ሪዞርት ካልሆነ ይላሉ። ምን ትላላችሁ?
እናት፣ ከህዳር 11

መልስ፦ እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ልጆቹ አይስሙ፣ እርስዎ ቤት ወይም አስተናጋጁ እርስዎን በስም የሚያውቅበት ቤት ይሁን። ዶሮው ቢዘገይ ያ ቤተሰብ የሚያስታውሰው ዶሮውን ሳይሆን እናንተን ነው። ሪዞርቱን ልጆቹ ራሳቸው ለሌላ ቀን ቡና ይጠጡበት።

ጥያቄ፦ እኔ በተቃራኒው ነኝ። ምግብ ቤት ልከፍት ነው፣ ኪራይ ከከፈልኩ ቆየ፣ እቃው ገብቷል። ወንድሜ ለጥምቀት ካልደረስን ከሰርን ይላል። ጥር ላይ ልክፈት ወይስ ልቆይ? እዚህ ላይ ምትጽፉትን እያነበብኩ ፈራሁ ለማለት ነው።
ልትከፍት ያለች፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አይፍሩ እትዬ። ግን ጥር 9 እንዳይከፍቱ፣ ወንድምዎን ስለማላውቀው ይቅርታ ይደረግልኝና።

የጥምቀት ገንዘብ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ያን ገንዘብ ሚይዘው የለመደ ኩሽና ነው። አዲስ ምጣድ እንኳ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራ አይወጣበትም፣ ይጣበቃል። እርስዎም ማሟሻ ያስፈልግዎታል፣ ማሟሻው ደግሞ ህዳርና ታህሳስ ነው። የነቢያት ጾም ህዳር 15 ይገባል፣ ሰዉ ቀለል ያለ ነው ሚበላው፣ ስጋ አያስቡም፣ ፍሪጅዎ አይጨነቅም። ያኔ ያለ ሪባን፣ ያለ ዲጄ፣ ያለ ባነር በሩን ገርበብ አድርገው ይክፈቱት። ምሳ ብቻ ይስሩ። በያይነቱ፣ አሳ ጉላሽ፣ ሙሉ ጥብስ፣ ሽሮ፣ ሻይና ቡና፣ አለቀ። ሜኑ አያሳትሙ ጭራሽ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፉ፣ ያለቀውን ያጥፉ። ይሄን ካደረጉ እኔ ከላይ ስለ ሁለተኛው ሜኑ ያልኩት ሁሉ እርስዎን አይመለከትም፣ ያሳተሙት የመጀመሪያው ራሱ ሁለተኛው ይሆናል።

ደግሞ አካባቢው ያሉትን ቢሮዎች ይያዙ። የወር ኮንትራት ምሳ ለአስርና አስራ አምስት ሰው ቢይዙ ኪራዩን እንኳ ባይሸፍን ኩሽናው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ብዙ ሳህን ማውጣት ይለምዳል፣ ዋናው ትምህርት እሱ ነው። መብራት በጠፋ ቀን ምን እንደሚያበስሉ አሁኑኑ ይወስኑ፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ብቻ ከተንጠለጠሉ አንድ ቀን እንጀራ የለም ብለው ደንበኛ ይመልሳሉ፣ እንጀራ የለም የተባለ የባሕር ዳር ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚያወራ ያውቁታል። ካሽ ሬጅስተሩን ከመጀመሪያው ቀን ያስነሱ፣ ቴሌብሩንም በስልክ ቁጥር ሳይሆን በድርጅቱ ስም ያድርጉት፣ ሰው በግል ቁጥር ክፈል ሲባል ይጠራጠራል።

ሼፍ ከሌላ ከተማ ላምጣ ብለው እያሰቡ ከሆነ፣ ከሱ ይልቅ አንዲት ጎበዝ ወጥ ሰሪ ከዚሁ ይያዙ፣ ደሞዟን ከፍ ያድርጉላት፣ ጎረቤት ያለው ቤት እንዳይነጥቅዎ። የከተማው ምግብ ቤት ሁሉ ጣዕሙ ሚቀያየረው ሴቶቹ ለጥቂት ብር ጭማሪ ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚሄዱ ነው፣ እሷ ላይ የቆጠቡት ብር የትም አያደርስዎትም። ሪባኑን ጥር ላይ ይቁረጡት፣ ከፈለጉ፣ ባለስልጣኑንም ይጋብዙ፣ ያኔ ኩሽናው ስራውን ያውቃል።

ጥያቄ፦ አጭር ናት። አዲስ ቤቶች ሜኑ ላይ ያለው ዋጋና ሂሳቡ አይገናኝም፣ ማጭበርበር ነው?
አሳላፊ ያልሆነ፣ ከቀበሌ 14

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ሜኑው ስር በጥቃቅን ፊደል "ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አይጨምርም" ሚል አለ፣ ፈልገው። 1000 ብር ያየኸው ምግብ 10% ሰርቪስ ሲጨመርበት 1100፣ በዛ ላይ 15% ቫት ሲመጣ 1265 ብር ነው። ጽሁፉ ከሌለ ወይ ደረሰኙ ካሽ ሬጅስተር ያላወጣው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ከሆነ ያኔ ጠይቅ፣ ቫት አስከፍሎ የማሽን ደረሰኝ የማይሰጥ ቤት ቫቱን ለመንግስት አይደለም የወሰደው። ሰርቪስ ቻርጅ የከፈልክበት ቤት ላይ ደግሞ ቲፕ ግዴታህ አይደለም፣ ግን ሰርቪሱ ለሰራተኞቹ ይደርሳቸው እንደሆነ አስተናጋጇን ቀስ ብለህ ጠይቃት፣ አይደርሰንም ካለችህ በእጇ ስጣት።